«በራሴ ገንዘብ፣ በራሴ ገላ፤ ማንን ነካሁ?» ስለ ሱስ፣ ስለ ነፃነትና ስለ መንግሥት ድርሻ

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም



ስለ ሱስ በተነሳ ቁጥር ከወጣቶቻችን አፍ የማይጠፋ አንድ መልስ አለ። «በራሴ ገንዘብ ገዝቼ በራሴ ገላ የምጠቀመው ነው፤ ማንን ነካሁ?» የሚል። ይህን የሚለው ሁሉ ባለጌ ወይም ዲን የማይወድ ልጅ አይደለም። ጁሙዓ የማያልፈው፣ ትምህርቱን የሚከታተል፣ ስለ መብት ያነበበ ልጅም ይለዋል። በሌላ በኩል ከመስጂድ በር ላይ የሚቀመጡ አባቶቻችንን ስትሰማ ደግሞ «መንግሥት የት ሄደ? ሁሉንም ሰብስቦ ቢያስርልን እኮ እንገላገል ነበር!» ይላሉ።

አንዱ መንግሥት ዘወር ይበል ይላል፤ ሌላው መንግሥት ሁሉንም ነገር ይጨርስልን ይላል። ሁለቱም አባባሎች ውስጥ እውነት አለ፤ ሁለቱም ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀርተዋል። ዛሬ ይህን ጉዳይ በሸሪዓ ሚዛንም፣ በዓለም ላይ በታየው ልምድም ረጋ ብለን እንመልከተው። ጽሑፉ ትንሽ ይረዝማል፤ ታግሳችሁ አንብቡት።

1. በከተሞቻችን ምን አለ?

ሱስ ስንል ስለ ሩቅ አገር ሄሮይን እያወራን አይደለም። ከመድረሳው አጥር ጀርባ ስላለው ጫት ቤት፣ «ካፌ» የሚል ታፔላ ለጥፎ ከጓዳ ሺሻ ስለሚያጨስ ቤት፣ በጥቅል ስለሚሸጥ ሐሺሽ፣ ያለ ሐኪም ማዘዣ ስለሚገኝ ትራማዶልና የእንቅልፍ ኪኒን፣ በጎዳና ልጆች እጅ ስላለው ማስቲሽ ነው የምናወራው።

እነዚህ ነገሮች ደግሞ ተነጣጥለው አይሄዱም። ነገሩን የሚያውቀው ሰው ሰንሰለቱንም ያውቀዋል። ከቀትር በኋላ በርጫ ይጀመራል። ጫቱ ብቻውን «አይመጣም» ተብሎ ሲጋራ ወይም ሺሻ ይጨመርበታል። ምርቃናው ሌሊቱን አላስተኛ ሲል «ጨብሲ» ተብሎ መጠጥ ይፈለጋል፤ ወይ ኪኒን ይዋጣል። ጠዋት ፈጅር አልፎ፣ ሰውነት ደቆ፣ አፍ ደርቆ ይነጋል። ከቀትር ጀምሮ ሐራራው ይመጣል። በጫት ብቻ የጀመረ ሙስሊም ወጣት ኸምር አፉ ላይ አደርሳለሁ ብሎ አስቦ አያውቅም፤ ያደረሰው ይህ ሰንሰለት ነው።

በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው ከወንዶች 27 በመቶው፣ ከሴቶች ደግሞ 12 በመቶው በሕይወታቸው ጫት ቅመው ያውቃሉ። የቃመ ሁሉ ሱሰኛ ነው ማለት አይደለም። ግን ጉዳዩ የጥቂት «የተበላሹ ልጆች» ጉዳይ እንዳልሆነ ይህ ቁጥር ይነግረናል።

2. ሱሰኛ ነፃ ነው?

አሁን ወደ «ነፃነቴ ነው» እንምጣ።

ዲናችን የሰውን ምርጫ ያከብራል። ተክሊፍ ማለትም በአላህ ትዕዛዝ ተጠያቂ መሆን የቆመው በምርጫ ላይ ነው። ምርጫ ደግሞ የሚቆመው በዐቅል ላይ ነው። ለዚህ ነው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ብዕር የተነሳለትን ሰው ሲያስተምሩን ሕፃን እስኪያድግ፣ የተኛ እስኪነቃ፣ ያበደም ዐቅሉ እስኪመለስ ድረስ እንደማይጻፍበት የነገሩን። ዐቅል ከሌለ ምርጫ የለም፤ ምርጫ ከሌለ ጥያቄም የለም። ዑለሞች ሸሪዓ ሊጠብቃቸው ከመጣባቸው አምስት መሠረታዊ ነገሮች መካከል ዐቅልን ከዲን፣ ከነፍስ፣ ከዘርና ከገንዘብ ጋር አብረው የቆጠሩት በከንቱ አይደለም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ነፃነትን የምትወድ ከሆነ መጀመሪያ የነፃነትህን ዕቃ ጠብቅ። ዕቃው ዐቅልህ ነው።

ራስህን በሐቅ ጠይቅ። የመጀመሪያውን ቀን የመረጥከው አንተ ነህ፤ እሺ። ሁለት መቶኛውን ቀንስ ማን መረጠልህ? ሐራራው ሲመጣ «ዛሬ ይቅርብኝ» ብለህ እንቢ ማለት ከቻልክ ስለ ነፃነት ማውራት ትችላለህ። ግን የቤት ኪራይ ገንዘብ ነክተህ፣ ለእናትህ ዋሽተህ፣ ዐስርን ከመግሪብ አገናኝተህ የምትሄድ ከሆነ አንተ እየሄድክ አይደለም፤ እየተነዳህ ነው። በአማርኛችን እኮ «ሱስ ያዘው» ነው የሚባለው፤ «ሱስ ያዘ» አይባልም። ያዢው ሱሱ ነው፤ የተያዘው ሰውዬው ነው።

የሕክምና ሰዎችም የሚሉት ከዚህ አይርቅም። እነዚህ ነገሮች በአንጎል ውስጥ የደስታን ስሜት የሚያሰራጨውን ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር ከልኩ በላይ ያጎርፉታል። አንጎል ያንን ከለመደ በኋላ በተራ ነገር መደሰት ይከብደዋል፤ ምግብ አይጥምም፣ ጨዋታ አይጥምም፣ ቁርኣን ማዳመጥ እንኳ ይከብዳል። ሰውየው በመጨረሻ የሚወስደው ለመደሰት ሳይሆን ላለመታመም ነው። ይህን ነፃነት ብሎ መጥራት የእግር ብረትን አምባር ብሎ እንደመጥራት ነው።

ደግሞም ለአማኝ «ገላዬ የራሴ ነው» የሚለው ቃል ሙሉ አይደለም። ገላችን አማና ነው። አላህ በገዛ እጃችን ራሳችንን ወደ ጥፋት እንዳንጥል በሱረቱል በቀራ ከልክሎናል። በትንሣኤ ቀን ሰው ዕድሜውን በምን እንደጨረሰ፣ ገንዘቡን ከየት አምጥቶ በምን እንዳወጣ፣ ገላውንም በምን እንዳደከመው ሳይጠየቅ እግሩ እንደማይንቀሳቀስ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተላልፏል፤ ቲርሚዚ ዘግበውታል። ገንዘብና ገላ፣ «የራሴ ናቸው» ብለን የምንከራከርባቸው ሁለቱም ነገሮች እዚያ ሐዲስ ውስጥ በስም ተጠርተዋል።

3. «ማንን ነካሁ?»

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የመርከቧን ምሳሌ ነግረውናል፤ ቡኻሪ ከኑዕማን ኢብኑ በሺር (ረ.ዐ) ዘግበውታል። ሰዎች በአንድ መርከብ ላይ ዕጣ ተጣጣሉ፤ ከፊሉ ላይኛው፣ ከፊሉ ታችኛው ክፍል ደረሰው። ታች ያሉት ውሃ ለመቅዳት በላይኞቹ በኩል ማለፍ ነበረባቸው። «በእኛ ድርሻ በኩል ቀዳዳ ብንበሳ እኮ ከላይ ያሉትን አናስቸግርም» አሉ። ላይኞቹ ዝም ብለው ቢተዋቸው ሁሉም ይሰጥማሉ፤ እጃቸውን ቢይዙ ግን ሁሉም ይድናሉ።

ልብ በሉ! የታችኞቹ ሰዎች ክርክር ዛሬ የምንሰማው ክርክር ራሱ ነው። «በራሳችን ድርሻ ነው የምንበሳው» ነው ያሉት። ክፋትም አላሰቡም፤ እንዲያውም ሰው ላለማስቸገር ነው ያሰቡት። ውሃው ግን የማን ድርሻ እንደሆነ ጠይቆ አይገባም።

የእኛን መርከብ እንይ። በቀን 200 ብር ለጫትና ለአጃቢው የሚያወጣ ሰው ብለን እናስላ። በዓመት 73,000 ብር ነው። ይህ የሚስት ነፈቃ ነው፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ነው፣ የእናት መድኃኒት ነው። ሰውየው «በራሴ ገንዘብ» ይላል፤ ነገር ግን ገንዘቡ ላይ የሌሎች ሐቅ አለበት። ሌሊቱን መርቅኖ አድሮ ጠዋት ባጃጅ ወይም ሚኒባስ የሚነዳውን አስቡ። ጫቱ ሳይጠወልግ ገበያ ለመድረስ በነፍሱም በሰውም ነፍስ ቁማር እየተጫወተ የሚበረውን የጫት መኪና ሾፌር አስቡ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ በሁለት ቀን አካባቢ ውስጥ ኃይሉ ስለሚቀንስ ነው ያ ሁሉ ጥድፊያ። መንገድ ዳር የቆመችው ሕፃን ልጅ በማን ነፃነት ነው የምትገጨው?

ስለዚህ «ማንን ነካሁ» ለሚለው መልሱ አጭር ነው፦ ቤትህን፣ ሰፈርህን፣ ከኋላህ የሚያድገውን ታናሽ ወንድምህን ነካህ።

4. ስለ ጫት አንድ ነገር ሳንል አንለፍ

እዚህ ላይ «ኡስታዝ፣ ጫት እኮ ኺላፍ አለበት፤ ከኸምርና ከሐሺሽ ጋር አትቀላቅለው» የሚል ወንድም አይጠፋም። ትክክል ነው፤ ኺላፍ አለ፤ አንደብቀውም። ስለ ሐሺሽ ዑለሞች ንግግራቸው ጠንካራና ግልጽ ነው፤ ኢብኑ ተይሚያህም ዘርከሺም ጽፈውበታል። ስለ ጫት ግን የሻፊዒዩ ዐሊም ኢብኑ ሐጀር አል-ሀይተሚ ከየመን በተነሳ ጥያቄ ምክንያት ራሱን የቻለ ኪታብ እስከመጻፍ ደርሰዋል። የኪታቡ ስም ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው፤ እርሳቸውም መራቅን መከሩ። በአገራችንም በሐረርና በወሎ አንዳንድ ሸኾች ለዚክርና ለንባብ መንቂያ አድርገው ሲጠቀሙበት ኖረዋል፤ ሌሎች ደግሞ ሐራም ብለውታል።

በዚህ ኺላፍ ተነስተን አባቶቻችንን መስደብ ወይም ቃሚ የሆነን ሙስሊም ከዲን እንደወጣ ማየት ትልቅ ስህተት ነው። ነገር ግን የዛሬው ወጣት የሸኹን ፈትዋ ይዞ የሸኹን ሁኔታ አልያዘም። ያ ሸኽ ሌሊቱን ለኪታብና ለሶላት ይነቃበት ነበር ይባላል፤ የዛሬው በርጫ ግን ሶላት ይገድላል። ፈቅዷል የተባለው ዐሊም ሶላት የሚያስተውን፣ ነፈቃ የሚበላውን፣ ወደ ጨብሲ የሚያሻግረውን፣ ዐቅል የሚያዛባውን ፈቀደ ብሎ የሚመሰክር የለም። ጉዳት ማድረስም ጉዳትን በጉዳት መመለስም የለም የሚለው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሐዲስ ላይ ሁሉም ይስማማሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1980 እ.ኤ.አ. ጫትን ለሱስ ከሚዳርጉ ነገሮች ጋር መድቦታል። ኔዘርላንድ በ2013፣ ብሪታንያ ደግሞ በ2014 እ.ኤ.አ. ከልክለውታል።

በዚያው ልክ ደግሞ ሚዛኑን እንጠብቅ። በሐረርጌ ብዙ ገበሬ ልጆቹን የሚያሳድገው በጫት ነው፤ አወዳይ ላይ ስንት እናት ጫት ሸጣ ቤተሰብ ታስተዳድራለች። አገሪቱም ከጫት ኤክስፖርት ብዙ የውጭ ምንዛሪ ታገኛለች። አማራጭ ሳይሰጡ በአንድ ሌሊት «ይነቀል» ማለት ሌላ ጉዳት ነው።

5. መንግሥት ያገባዋል?

አዎ፣ ያገባዋል። የፊቅህ ሊቃውንት ያስቀመጡት ቃዒዳ አለ፤ መሪ በሕዝብ ላይ የሚወስደው እርምጃ ከሕዝቡ ጥቅም ጋር የታሰረ ነው የሚል። ይህ ቃዒዳ ሁለት በኩል ስለት አለው። መሪው ሕዝብ እየጠፋ ዝም ብሎ ማየት አይችልም፤ ለሕዝብ ጥቅም የሌለውን እርምጃም መውሰድ አይችልም።

በአገራችን ሕግ ጨርሶ የለም አይባልም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ይከለክላል፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ትምባሆም አልኮልም እንዳይሸጥ ያዛል። የወንጀል ሕጉም አደንዛዥ ዕፅ ማዘዋወርን ይቀጣል። ጫት ግን በዚያ አዋጅ ውስጥ እንደ ትምባሆና እንደ አልኮል የዕድሜ ገደብ አልተቀመጠለትም። የ12 ዓመት ልጅ ሄዶ ቢገዛ ሻጩ የሚፈራው ነገር የለም። ሕጉ ባለበትም ቢሆን ከወረቀቱና ከሰፈሩ መካከል ያለውን ርቀት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ግን ወሰኑ የት ነው? መንግሥት የእያንዳንዱን ሰው መኝታ ቤት ይፈትሽ? አይ። እዚህ ላይ ዲናችን ከምናስበው በላይ የግል ሕይወትን ይጠብቃል። አላህ በሱረቱል ሑጁራት እርስ በርሳችን እንዳንሰላለል ከልክሏል። ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ዘንድ አንድ ሰው ጺሙ ኸምር ያንጠባጥባል ተብሎ ሲነገራቸው፣ መሰለል እንደተከለከሉ፣ ነገር ግን በይፋ የታያቸው ነገር ካለ እንደሚይዙበት መልሰዋል፤ አቡ ዳውድ ዘግበውታል። እዩት እንግዲህ! ኸምር በማያሻማ ሁኔታ ሐራም ነው፤ ሆኖም በር ሰብሮ ማነፍነፍ አልተፈቀደም። የአገራችን ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትንና መኖሪያ ቤትን ይጠብቃል።

ስለዚህ ልዩነቱ ግልጽ ይሁን። በስውር በራሱ ላይ የሚበድል ሰው ጉዳዩ ከአላህ ጋር ነው፤ የእኛ ድርሻ ምክርና ዱዓ ነው። በአደባባይ የሚሸጥ፣ ሕፃናትን የሚያጠምድ፣ በሌሎች ሱስ የሚከብር ግን መርከቧን እየበሳ ነው፤ እጁ መያዝ አለበት። ሐዲሱ «እጃቸውን ቢይዙ» ነው ያለው፤ «ባሕር ውስጥ ቢወረውሯቸው» አላለም።

6. የሌሎች አገሮች ትምህርት

አሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 እ.ኤ.አ. አልኮልን በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ከልክላ ነበር። ድብቅ መጠጥ ቤቶችና ወንበዴዎች በዝተው በመጨረሻ ራሷ ሻረችው። ፊሊፒንስ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዕፅ ላይ «ጦርነት» አውጃ በመንግሥት ቆጠራ ብቻ ከ6,000 በላይ ሰው ተገደለ። አብዛኛው የድሃ ሰፈር ልጅ ነበር።

ፖርቹጋል በ2001 እ.ኤ.አ. ሌላ መንገድ ያዘች። ለግል መጠቀሚያ ትንሽ መጠን የያዘ ሰው እስር ቤት ሳይሆን የጤናና የማኅበራዊ ባለሙያዎች ወዳሉበት ኮሚቴ እንዲላክ አደረገች፤ ሕክምናውን አስፋፋች። ነጋዴውን ግን መቅጣቷን አልተወችም። በዕፅ ምክንያት የሚመጣው የኤችአይቪ ስርጭት በእጅጉ ወረደ። የአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት ይህን አይታ በ2020 እ.ኤ.አ. በሕዝብ ድምፅ ቅጣቱን አነሳች፤ ሕክምናው ግን በጊዜ አልደረሰም። ሰው በየመንገዱ ወድቆ ሲታይ ሕዝቡ ተማረረና በ2024 እ.ኤ.አ. ቅጣቱ ተመለሰ።

ከእነዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ሕክምናና ተስፋ የሌለው ዱላ ሰው ይሰብራል እንጂ ሱስ አይሰብርም። ድጋፍ የሌለው ልቅነት ደግሞ ሰውን ለሱሱ አሳልፎ መስጠት ነው።

«ታዲያ የአሜሪካ ክልከላ ከከሸፈ የእስልምና ክልከላስ?» የሚል ሹብሃ ቢመጣባችሁ አትደናገጡ። መዲና ላይ የሆነውን ተመልከቱ። ኸምር በአንድ ቀን አልተከለከለም። በመጀመሪያ ጉዳቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ተነገረ፤ ቀጥሎ ሰክሮ ወደ ሶላት መቅረብ ተከለከለ፤ በመጨረሻ በሱረቱል ማኢዳ ሙሉ በሙሉ ተዘጋ። ያ ትዕዛዝ በደረሰ ጊዜ በመዲና መንገዶች ላይ ኸምር እንደ ውሃ እንደፈሰሰ አነስ (ረ.ዐ) ተርከዋል። ማንም በር ሰብሮ አልገባም፤ ሰዎች በገዛ እጃቸው ነው የደፉት። እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) በመጀመሪያ የወረደው «ኸምር አትጠጡ» የሚል ቢሆን ኖሮ ሰዎች ፈጽሞ አንተውም ይሉ እንደነበር ተናግረዋል፤ መጀመሪያ የወረደው ስለ ጀነትና ጀሀነም ነበር።

መዲናን ከአሜሪካ የለየው ይህ ነው። ሕጉ የመጣው ልብ ከተዘጋጀ በኋላ፣ በደረጃ፣ እርስ በርስ በሚደጋገፍ ማኅበረሰብ ውስጥ ነው።

7. ከመንግሥት የምንጠይቀው

አንደኛ፣ ልጆችን ጠብቁልን። የጫት ቤትና የሺሻ ቤት ከትምህርት ቤትና ከመድረሳ አጠገብ ምን ይሠራል? ለጫትም የዕድሜ ገደብ ይውጣለት። «የአዋቂ ነፃነት ነው» የሚለው ክርክር ለ13 ዓመት ልጅ አይሠራም፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 የሕፃናትን ደኅንነት መብት አድርጎታል።

ሁለተኛ፣ ፋርማሲዎችን ተቆጣጠሩ። ትራማዶል መድኃኒት ነው፤ ለታመመ ሰው ራሕመት ነው። ያለ ማዘዣ እንደ ከረሜላ ሲሸጥ ግን መርዝ ነው። ይህን ለማስቆም አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ ያለውን ማስፈጸም ይበቃል።

ሦስተኛ፣ የሕክምና ቦታ አብዙልን። አዲስ አበባ ላይ እንደ አማኑኤል ያለ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል አለ፤ የክፍለ ሀገር ከተማ ልጅ ግን «መተው እፈልጋለሁ፣ እርዱኝ» ቢል የት ይሂድ? ከሱስ ከሚገኘው ግብር ትንሹ እንኳ ለሱሰኛው ሕክምና ይመለስ።

አራተኛ፣ ዘመቻችሁ ወደ ላይም ይውጣ። ደንብ አስከባሪ መጥቶ የሺሻ ዕቃ ሰብስቦ አቃጥሎ ፎቶ ይነሳል፤ በሳምንቱ ቤቱ ተመልሶ ይከፈታል። አጫሹ ይታፈሳል፤ አስመጪው ሻይ ይጠጣል። ይህ ፍትሕ አይደለም። ሥራ ያጣ ወጣት ቀኑን የሚገፋበት ሌላ ነገር ከሌለው፣ ጫት ቤቱ ቢዘጋም ሐራራው ሌላ በር ይፈልጋል።

8. የእኛስ ድርሻ?

መንግሥትን ጠይቀን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። ሁላችንም እረኞች ነን፤ ሁላችንም በተሰጠን መንጋ እንጠየቃለን።

በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ኸምር በመጠጣት ተደጋግሞ የተቀጣ አንድ ሰሐባ ነበር። አንዱ ሰው ሲረግመው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዳይረግመው ከለከሉ፤ ሰውየው አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድም መሰከሩለት። በሌላ ዘገባም የተቀጣውን ሰው አላህ ያዋርድህ ላሉት ሰዎች፣ ሸይጣንን በወንድማቸው ላይ እንዳያግዙት ነገሯቸው። ሁለቱንም ቡኻሪ ዘግበዋል። ስንቶቻችን ነን «ጀዝባ»፣ «ቃሚ»፣ «የጠፋ ልጅ» እያልን በየቀኑ ሸይጣንን የምናግዘው? አፉ ጫት ጫት ሸተተ ብለን ከሰፍ የገፋነው ልጅ ተመልሶ የሚሄደው የት ይመስላችኋል? በርጫው እኮ በክብር ይቀበለዋል። ቦታ ይለቀቅለታል፣ «አብሽር» ይባላል፣ ገንዘብ ባይኖረው ይጋበዛል። መስጂዱ ከበርጫው ያነሰ እንግዳ ተቀባይ ከሆነ ጥፋቱ የልጁ ብቻ አይደለም።

በተግባር ምን እናድርግ?

• ከዐስር እስከ ዒሻ ያለው ሰዓት አደገኛ ሰዓት ነው። መስጂዶቻችን በዚያ ሰዓት ለወጣቱ ክፍት ይሁኑ፤ ደርስ፣ የቋንቋ ወይም የኮምፒውተር ትምህርት፣ ቢያንስ ኳስ የሚጫወትበት ቡድን ይኑር።

• በየጀመዓው ሁለት ሦስት ምስጢር የሚጠብቁ ወንድሞች ይመደቡ፤ ለእህቶችም እህቶች። ሱስ በሴቶቻችንም አለ፤ እነርሱ ደግሞ በኀፍረት ተሸፍነው ብቻቸውን ነው የሚታመሙት። የሰውን ነውር የሸፈነ አላህ ይሸፍንለታል።

• ረመዳንን እንጠቀምበት። በቀን ከ13 ሰዓት በላይ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ የሚውል ሱሰኛ «አልችልም» ሲል ራሱን እየዋሸ ነው። ለአላህ ሲል እስከ መግሪብ ከቻለ፣ በአላህ እገዛ ከመግሪብ በኋላም ይችላል። ችግሩ ከተራዊሕ በኋላ በርጫው ሲጠብቀው ነው፤ ያንን ሌሊት አብረነው እንሁን።

• ሕክምናና ዱዓ አይጣሉም። ሩቃ ብቻ አድርገን የምንሸኘው ልጅ ሐኪምም ሊያስፈልገው ይችላል። በተለይ የእንቅልፍና የማረጋጊያ ኪኒን ወይም መጠጥ ለረጅም ጊዜ የተጠቀመ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቋርጥ የሚጥል ሕመም እስከማምጣት ይደርሳል። «ጀግና ሁን፣ ዛሬውኑ ተው» ከማለታችን በፊት ጤና ባለሙያ ዘንድ አብረነው እንሂድ።

• ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን በር ላይ አትዝጉበት። ገንዘብ አትስጡት እሺ፤ ዕዳውን አትክፈሉለት እሺ፤ ምግቡንና ሰላምታውን ግን አትከልክሉት።

• ነጋዴ ወንድሞች፣ ሱቃችሁን ለሺሻ ቤት ስታከራዩ ኪራዩን ብቻ አትቁጠሩ። በኃጢአት ላይ መተባበር በግልጽ ተከልክሏል።

በመጨረሻም

አሁን በዚህ ነገር ውስጥ ሆነህ ይህን ጽሑፍ የምታነብ ወንድሜ፣ ይህን ጽሑፍ የምታነቢ እህቴ፤ ማንም ሊፈርድባችሁ አልተጻፈም። «ነፃነቴ ነው» ስትሉ ውስጣችሁ የሚፈልገው እውነተኛ ነፃነትን እንደሆነ አውቃለሁ። ሰው ከፍጡር ሁሉ ነፃ የሚወጣው ለፈጣሪ ብቻ ባሪያ ሲሆን ነው። «ላ ኢላሀ ኢልለላህ» የሚል አንደበት ለአንድ እስር ቅጠል ወይም ለአንድ ፍሬ ኪኒን ሊሰግድ አይገባውም።

ወድቃችሁ ታውቁ ይሆናል። ትታችሁ ተመልሳችሁ ይሆናል። ያ ተደጋግሞ የተቀጣው ሰሐባም ደጋግሞ ወድቋል፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ስለ ፍቅሩ መሰከሩለት። የተውበት በር ፀሐይ በመግቢያዋ እስክትወጣ ድረስ ክፍት ነው። ነገ አትበሉ። ዛሬ ለምታምኑት አንድ ሰው ደውሉና «እርዳኝ» በሉት። «እርዳኝ» ማለት ውርደት አይደለም፤ መርከቧን የሚያድናት ያ እጅ ነው።

አላህ ወጣቶቻችንን ይጠብቅልን፤ በሱስ የተያዙትን ይፍታልን፤ የእናቶቻቸውን እንባ ያብስልን፤ መሪዎቻችንን ለሕዝብ ጥቅም ይምራልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።

ለሚጠቅመው ሰው ብታደርሱት አጅሩ የጋራችን ነው።